የሞተሬ ጋርድና የአማቴ ቆጮ

የባል ክብር የሚለካው በደመወዙ አይደለም፤ በቁመቱም አይደለም፤ በጢሙማ በጭራሽ! የባል ክብር የሚለካው ሚስቱ ሞተር ላይ ከኋላው ስትቀመጥ ምኑን እንደምትይዝ ነው። ወገቡን ከያዘች የተከበረ ባል ነው። ትከሻውን ከያዘች... ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው። የወንበሩን ብረት ከያዘች ደግሞ በቃ፣ ተስፋ ቆርጣበታለች፤ የያዘችው ነፍሷን ነው። ጭራሽ ወርዳ ሌላ ሰው ሞተር ላይ ከወጣችስ? ኧረ እሱን አትጠይቁኝ! እሱ እኔ ነኝ።

ለማታውቁኝ... ዲላ ላይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። ተማሪ ያተራመሰውን መጽሐፍ መልሼ እደረድራለሁ፤ ተማሪ መልሶ ያተራምሰዋል፤ በዚህ ሁኔታ ተቻችለን እንኖራለን። ትውልዴ ደብረ ማርቆስ ሲሆን ዲላ ከገባሁ ይኸው ስድስት ዓመቴ። ባለቤቴ አስቴር የዱመርሶ ልጅ ናት፤ የምታስተምረውም እዚያው ዱመርሶ አንደኛ ደረጃ ነው። ሰኞ ጠዋት በሞተር አደርሳታለሁ፣ እስከ ዓርብ እናቷ ቤት ትሰነብታለች፣ ዓርብ ከሰዓት ሄጄ አመጣታለሁ። እንግዲህ ትዳራችን ሲደመር በሳምንት ሁለት ቀን ተኩልና ሁለት መንገድ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁለት ቀን ተኩሉ ይልቅ የምወደው መንገዶቹን ነው። ቅዳሜ ልብስ አጠባ ነው። እሑድ እሷ ኳየር ናት፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነን። በቀረችው ጊዜ እንግዳ ይመጣል። ሞተር ላይ ግን ማንም አይመጣም! አገጯን ትከሻዬ ላይ ታደርግና ታወራኛለች። ከዱመርሶ ቁልቁለት እስከ አስፋልቱ የተማሪዎቿን፣ ከአስፋልቱ እስከ ወናጎ የዘመዶቿን፣ ከወናጎ እስከ ዲላ ደግሞ የራሳችንን። ግማሹን ነፋስ ይወስድብኛል፤ የምትቀረኝ ግማሽ ግን ሳምንቱን ታዘልቀኛለች።

ታዲያ በዚህ በልግ፣ በዝናቡ ወደቅን።

የወደቅነው በምን ፍጥነት መሰላችሁ? መንገድ የምታቋርጥ ዶሮ ነበረች፤ ቀድማን ነው ያለፈችው። ከቡና ማጠቢያው በታች ካለችው ጠመዝማዛ ላይ፣ ጭቃው እንደ ገንፎ ሆኖ፣ ሞተሯ እንደ ደከማት ሴት ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ጋደም አለች። እኛ ከሥሯ! የኔ ቁርጭምጭሚት አበጠ። የአስቴርን ባት ደግሞ የጋለው ማርሚታ ነካት። የጭስ ማውጫው ማለቴ ነው... የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ምልክት ትቶላት ሄደ።

አስቴር አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሷን አራግፋ ሞተሯን ዞር ዞር ብላ አየችና፣

«ጋርድ የላትም» አለች።

«የምን ጋርድ?»

«የሽፈራው ሞተር ጋርድ አላት።»

ሽፈራው ማለት የእናቷ ጎረቤት ነው፤ ቡና አምራች፣ ትርፍ ሰዓቱን ደግሞ ከአስፋልቱ ዱመርሶ ሰው የሚያመላልስ። ጋርድ የሚባለውም ከሞተሩ ሆድ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ የሚወጣ ብረት ነው፤ ሞተር ስትወድቅ ቀድሞ መሬት የሚነካው እሱ ስለሆነ እግርም ሞተርም ይተርፋል።

«ሽፈራውም እኮ ይወድቃል!» አልኳት።

«ይወድቃል። እግር ግን አያስበላም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ...»

«ጅቡ የታለ?»

«ጅቡ ማርሚታህ ነው» ብላ ባቷን አሳየችኝ። «ጋርድ እስክታስገጥም ድረስ ከኋላህ አልቀመጥም።»

አልተቀመጠችም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ሄደች፤ ከአስፋልቱ ሽፈራው በባለ ጋርዷ ሞተር ይቀበላታል። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ትከሻዬን አሻሻለሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ለመሆኑ ስትሄጂ ምኑን ነው የምትይዢው?» አልኳት። «የማንን?» አለች። «የሽፈራውን።» ትክ ብላ አየችኝና «ቦርሳዬን» አለች። መልሱ ጥሩ ነበር። እንቅልፍ ግን አልሰጠኝም።

ጋርድ ልገዛ ቆረጥኩ። ስህተቴ ምን መሰላችሁ... ለሰው መናገሬ! ዲላ ውስጥ ስለ ሞተር ምክር የማይሰጥ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ጠዋት ለአንድ ባልደረባዬ ነገርኩት፤ ምሳ ሰዓት ላይ የፊዚክስ መምህሩ ናሆም ደረሰብኝ። ናሆም የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ መጽሐፍ ማዋሻ ካርዱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ሞተር ሣለልኝ።

«ብሮ፣ ነገሩ ሲምፕል ነው። ሴንተር ኦፍ ግራቪቲው እዚህ ጋር ነው። ጋርዱ ከዚህ ከሰፋ ባላንስ ታጣለህ፣ ከጠበበ ደግሞ እግርህን አይሸፍንም። ስለዚህ ኦፕቲማል ነገር ነው የሚያስፈልግህ።»

«አንተ ሞተር ነድተህ ታውቃለህ?»

«ኖ። ግን ቲዮሪው ያው ነው።»

በር ላይ የምትፈትሸው ወይዘሮ ደግሞ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ «ምን ጋርድ ያስፈልጋል፣ ቀስ ብሎ መንዳት ነው እንጂ!» አለችኝ። ቀስ ብሎ? ዶሮ ቀድማኝ ነበር እኮ!

ወደ ዋናው መንገድ ወረድኩና አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ግድግዳው ላይ አንድ ጋርድ ተሰቅሏል... ምን ጋርድ ነው ጌጥ በሉት እንጂ! ኒኬሉ ከማብረቅረቁ የተነሣ ፊቴን አየሁበት።

«ኦርጅናል ነው?» አልኩት ባለ ሱቁን።

«ኦርጅናል ነው።»

«የምን ኦርጅናል?»

«የኦርጅናል ኦርጅናል።»

በዚህ ዓይነት ማስረጃ ተረትቼ ገዛሁት። እዚያው ሱቁ በር ላይ በአራት ቡሎን አሰረልኝ። ሞተሬ አማረባት። አስነሥቼ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ወደ ሰፈሬ የምታስገባው መታጠፊያ በግራ በኩል ናት። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር... ቋ! የፊት ጎማው ጭቃ መከላከያ ከጋርዱ ጋር ተላተመ። መልሼ ሞከርኩ፤ ቋ! ሞተሬ ወደ ግራ አልታጠፍም አለች!

ወደ ቀኝስ? ወደ ቀኝ እንደ ልቧ ናት። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ የታጠፈ አንዴ ወደ ግራ እንደ ታጠፈ ይቆጠራል ብዬ (የናሆም ቲዮሪ ተጋብቶብኝ) ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። የዲላ መንገድ ግን ቲዮሪ አያውቅም። አንዱ መንገድ ገበያ ውስጥ ጣለኝ፣ ሌላው መናኸሪያ አወጣኝ። ማዕዘን ላይ አቮካዶ የምትሸጥ ሴትዮ አለች። መጀመሪያ ሳልፍ ሰላም አለችኝ። ሁለተኛ ሳልፍ «ምን ጠፋብህ ወንድሜ?» አለች። ሦስተኛ ሳልፍ ከመቀመጫዋ ተነሥታ አንድ አቮካዶ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ «እንካ ብላ፣ የቤት ጭቅጭቅ ያልፋል» አለችኝ። ከየት እንዳወቀች እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ተመልሼ ባለ ሱቁ ላይ ጮኽኩበት።

«ወደ ግራ አትታጠፍም!»

«ግራ ምን አለህ?»

«ቤቴ!»

አሰበ አሰበና ጋርዱ የሌላ ዓይነት ሞተር እንደሆነ አመነ። «ግን ታምርብሃለች» አለ። አውራ ጣቴን ብረቱ ላይ ጫን ባደርገው እሺ ብሎ ጎበጠ። «ይሄ እንዴት ነው ውድቀት የሚችለው?» ብለው፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ለመውደቅ አይደለም፤ ለማማር ነው» አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ፈታሁና መለስኩለት።

በመጨረሻ የሄድኩት ጋሽ ወራሳ ጋ ነው። ጋሽ ወራሳ ከገበያው ጀርባ ያለ በያጅ ነው፤ ዕድሜው ስልሳን የዘለለ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል ጌዴኦ። ሞተሬን እንደ ታማሚ ዞሮ አያትና የመጀመሪያ ጥያቄውን ጠየቀኝ። የት ነው የምትነዳው አላለም። ስንት ጊዜ ወደቅክ አላለም።

«ይቺ ሞተር ምን ይሰቅላል?» አለ።

«ምን?»

«ጋርድ ላይ። ምን ትሰቅላለህ?»

«ምንም። እግር ለማዳን ነው እኮ።»

ጋሽ ወራሳ መዶሻውን አስቀመጠ። ጎረቤቱን ጎማ ጠጋኙን ጠርቶ በጌዴኦኛ የሆነ ነገር ነገረው። ጎማ ጠጋኙ መጣና አየኝ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም፣ ውኃ የሌለበት ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ሲታይ የሚሳቅ ዓይነት ነው።

«ባዶ ጋርድ አልሠራም» አለኝ ጋሽ ወራሳ። «ስሜ ይጠፋል። ሚስት የየት ናት?»

«የዱመርሶ።»

«አሃ!» አለ፤ ምርመራው አለቀ።

ሜትር አላወጣም። ከጥግ ሰጋቱራ የታጨቀበት አንድ የተወጠረ ጆንያ ጎትቶ አመጣና ከሞተሬ ጎን ለጎን አስቀመጠው። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «ቆጮ ነው። ሜትሬ ነው» አለኝ። እንግዲህ እናንተዬ፣ ናሆም በሴንተር ኦፍ ግራቪቲ የለካትን ሞተር ጋሽ ወራሳ በቆጮ ለካት! አንድ የታሰረ ቆጮ በሚገባ የሚያርፍበት ስፋት፣ ጎማው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስኪዞር የሚበቃ ርቀት፣ እግር የፍሬኑን ፔዳል ሳይቸገር የሚረግጥበት ክፍተት... ሁሉን በጆንያው አስተካከለው። ጆንያው እዚያው እንዳለ መሪውን ሳዞረው ቋ የሚል ነገር አልሰማሁም።

በነጋታው ስመጣ ጋርዴ ደርሷል። ወፍራም ቱቦ፣ ጥቁር ቀለም፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት መንጠቆ!

«መንጠቆውን ቁረጥልኝ» አልኩት።

«አልቆርጥም።»

«ጋሽ ወራሳ፣ እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። መንጠቆ ምን ያደርግልኛል?»

«ብረት ብቻውን ምን ያውቃል!» አለና መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ ወደ ሥራው ዞረ። ሳቅኩበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማሁም መሰለኝ።

ዓርብ ከሰዓት ዱመርሶ ልሄድ ተነሣሁ። ለአስቴር ደውዬ ነግሬያት «አይቼ እወስናለሁ» ብላለች። ፈተና ነው እንግዲህ! ሞተሬን አጥቤ፣ ጋርዱን በጨርቅ ወልውዬ፣ ወናጎን አልፌ ከአስፋልቱ ወጣሁና ወደ ዱመርሶ የሚወስደውን ጥርጊያ ያዝኩ። ሁለት መቶ ሜትር አልሄድኩም፤ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። ሰላም ሊሉኝ መስሎኝ ቆምኩ። ሰላምም አሉኝ። በሰላምታው መሐል አዲስ የተሳለ መጥረቢያ ጋርዴ ላይ አንጠለጠሉ።

«አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መጥረቢያ ነው።»

«አይ፣ እሱማ ገብቶኛል። ለምን ሰቀሉት?»

«መንጠቆ አለዋ!» አሉኝ ተገርመው።

«እሺ ለማን ልስጠው?»

«አንተ ሂድ። ባለቤቱ ያውቀዋል።»

ልብ በሉልኝ፣ በዚህ አገር ወደ ቀበሌ የሚገባ ባለ መንጠቆ ጋርድ የባለ ሞተሩ ብቻ አይደለም። ቦታ ካለው ይሰቀልበታል፤ አይጠየቅም፣ አይከለከልም። ሽፈራው ሲያደርገው መቶ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሥራው መስሎኝ ነበር። ከሽማግሌው ቀጥሎ አንዲት እናት ጨውና ሳሙና የያዘ ፌስታል ሰቀሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ባዶ ጆንያ በጥቅል መጣ። አንዱማ ሞተሬ ሳትቆም አጠገቤ እየሮጠ ጄሪካን አንጠልጥሎ፣ «የአስቴር ባል፣ ተባረክ!» ብሎኝ ቀረ። እምቢ ልል አፌን በከፈትኩ ቁጥር «የአስቴር ባል» ይሉኛል፤ አፌን እዘጋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአስቴር ባል መሆኔን ስጠራጠር የሰነበትኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ በመንገዱ ሁሉ ሲመሰክሩልኝ እንዴት እምቢ ልበል?

አማቴ ግቢ ስደርስ አስቴር እንሰቱ ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። አየችኝ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጋርድ አስገጠምኩ አላልክም?»

«አስገጥሜያለሁ!»

«የታለ?»

የታለ? ሞተሬ ላይ ከዕቃ በቀር የሚታይ ነገር የለም! እየተንደረደርኩ ማራገፍ ጀመርኩ። እውነትም ባለቤቶቹ ሳይጠሩ መጡ፤ መጥረቢያው ባለቤቱን አገኘ፣ ጨውና ሳሙናውም ተወሰደ። ጋርዴ ሲገለጥ አማቴ ቀረብ ብለው መንጠቆዋን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጓት። እኝህ ሴት ልጃቸውን ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ሽማግሌ ስልክ ዝም፣ ጋቢ ሳመጣ ዝም፣ ስኳር ስሸከም ዝም ያሉኝ ሴት ናቸው። አሁን ግን ፊታቸው በራ።

«ተባረክ ልጄ! አሁን ገና አማች ሆንክ!» አሉኝ።

ዓይኔ እንባ ሊያቀርር ሲል ገብተው ቆጮ ይዘው ወጡ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለሉ፣ ጥብቅ ተደርገው የታሰሩ ሁለት ትልልቅ ቆጮ፤ ዲላ ላለች ለታላቅ ልጃቸው። ሁለቱንም በቀኝ በኩል ሰቀሏቸው። በግራ ሙዝ ከእነ ዘለላው። ጎረቤት ሰምቶ ቡላ ጨመረ።

«እማዬ፣» አልኩ፣ «ይሄ ጋርድ እኮ የተሠራው ለአስቴር እግር ነው!»

«የአስቴርን እግር ማን ወለደው?» አሉኝ።

ቡላውን ራሴ አጥብቄ አሰርኩት።

አስቴር ዞራ ዞራ አየች። ጋርዱን በጫማዋ ጫን አደረገችው፤ አልነቃነቅ አለ። ሽፈራው ሳይቀር ከግቢው ወጥቶ መጣና እንደ ባለሙያ አጎንብሶ ብየዳውን መረመረ። «የጋሽ ወራሳ ሥራ ናት። ጥሩ ነው» ብሎ ፈረደ። አስቴር አሰበችና፣

«እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቻ» አለች። «ከዚያ በሚኒባስ ነው የምሄደው።»

ከኋላዬ ወጣች። እጇ ወዴት እንደሚሄድ ጠበቅሁ... የወንበሩን ብረት ያዘች። ይባስ ብሎ ሽፈራው የራሱን ሞተር አስነሥቶ፣ «ምናልባት ብትወድቁ» ብሎ ከኋላችን ተከተለን። ምናልባት ብትወድቁ! ሰው ቀብር እንኳ የሚሸኘው ሟች ከሞተ በኋላ ነው!

ዝናብ ካፊያ ጀመረ። አስቴር አትናገርም። እኔም አልናገርም፤ ቆጮው ብቻ በጠረኑ ይናገራል። ቡና ማጠቢያውን አለፍን። ያቺ ጠመዝማዛ መጣች። ማርሽ ቀነስኩ፣ አምላኬን ጠራሁ፤ አሁን ልናልፋት ነው ስል ከቡናው ሥር ዶሮ ወጣች። ያቺው ዶሮ ትሁን ሌላ በእግዜር ስም አልምልም፤ አስተያየቷ ግን የምታውቀኝ ይመስላል! ፍሬን ያዝኩ። የኋላ ጎማው ከዳኝ። ሞተሯ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች...

ቧ።

ዝናቡ የቡና ቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል።

«ወደቅን?» አለች አስቴር ከኋላዬ።

«ወድቀናል መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን መሬት አልደረስንም?»

እውነቷን ነው፤ አልደረስንም! ሞተሯ ቆጮው ላይ ደገፍ ብላ፣ ትራስ ላይ እንደ ተጋደመች እመጫት ዘንበል ብላ ቀርታለች። እኛ እላይዋ ላይ እንደ ተቀመጥን ነን። ማርሚታው ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይጨሳል፤ የአስቴር እግር ነፃ ነው። አጎንብሼ ሳይ ደግሞ ከጭቃው ሥር ያደፈጠ ድንጋይ ጋርዱን መትቶታል። ያ ወፍራም ብረት ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ጫፉ ቆጮው ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ተቀብሯል። ቆጮው ባይኖር የሚቀበረው የት እንደነበር ታወቀኝ። ከቆጮው ኋላ ያለው የኔ ቅልጥም፣ ከኔ ቅልጥም ኋላ ያለው የአስቴር ጉልበት ነው።

እዚህ ጋ አልቀልድም። ፈራሁ። መሪውን መልቀቅ አቃተኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ወገቤና ስለ ክብሬ ስብሰለሰል፣ የእሷን እግር አንድ ቀን እንኳ በቅጡ እንዳላሰብኩት ያኔ ገባኝ፤ አፈርኩ።

ሽፈራው ሞተሩን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

«ቆጮው ደህና ነው?!» አለ።

አስቴር ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሆዷ፣ ከዚያ ጀርባዬ ላይ ተደፍታ በሙሉ ሰውነቷ ሳቀች። ሞተሯ፣ እኔና ቆጮው አብረን ተንቀጠቀጥን። ሽፈራው ለምን እንደምንስቅ ስላልገባው ቆጮውን መመርመሩን ቀጠለ። «አንዱ ተቀዷል፣ አንዱ ይበላል» ብሎ ሪፖርት አደረገልን።

ሞተሯን አቅንተን፣ ቆጮውን መልሰን አስረን አስፋልቱ ላይ ወጣን። ሚኒባስ ቆሞ «ዲላ! ዲላ!» ይላል። ሞተሬን አጠፋሁ። ቃል ቃል ነው።

«ደረስን» አልኳት፤ ዞር ብዬም አላየኋት።

አስቴር ሚኒባሱን አየች።

«ሞልቷል» አለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም በመስኮት ያዩናል። እኔ ምን አገባኝ፣ ሞልቷል ካለች ሞልቷል! ሞተሬን አስነሣሁ። ትንሽ እንደ ሄድን ሁለት እጆች ከወንበሩ ብረት ተነሥተው በጃኬቴ ዙሪያ መጡ። አገጯ ትከሻዬ ላይ አረፈ። «ሰማህ ወይ፣» አለች፣ «ሦስተኛ ክፍል አንድ ተማሪ አለኝ፣ የዛሬ ሳምንት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው...» የቀረውን ነፋስ ወሰደብኝ። ምንም አላልኩም፤ ፍጥነቴን ብቻ ቀነስኩ።

ቅዳሜ ጋርዱን ላስቃና ጋሽ ወራሳ ጋ ሄድኩ። ጎባጣውን አየና፣

«ባዶ ነበር?» አለኝ።

«ኧረ ቆጮ ነበረበት!»

«ስንት?»

«ሁለት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሦስት ቢሆን አይታጠፍም ነበር» አለና መነጽሩን አወረደ። በዚህ ጊዜ አልሳቅኩም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሞተሬን አጥቤ፣ የተቃናውን ጋርድ ወልውዬ በር ላይ አቆምኩ። አስቴር ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ጋርዱን አየች። ቆመች።

«ምን ተሰቅሎበታል?»

«ምንም። ንጹሕ ነው!»

«ባዶውን?» አለችና ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ባዶውን አልቀመጥም።»

ይኸውላችሁ! ያ መንጠቆ ይቆረጥልኝ ብሎ የተከራከረ ሰውዬ አሁን ሰኞ ሰኞ በጠዋት የጎረቤት በር እያንኳኳ፣ «እባካችሁ፣ ወደ ዱመርሶ የሚላክ ነገር የላችሁም?» እያለ ይለምናል። ያለፈው ሳምንት ከአከራያችን የተለመነ የስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልዬ አድርሼ፣ ዓርብ ጠቅልዬ መለስኩላቸው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያለው ሰው አህያውን ያየው ባዶውን ሲሄድ መሆን አለበት። የተጫነ ከሆነ ያስጥላል፤ እኔ ምስክር ነኝ፣ አህያውም እኔ ነኝ።

እና አንባቢዎቼ፣ በዚያ በኩል ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ ሰኞ ጠዋት ሳልነሣ ድረሱልኝ። ለስላሳ ዕቃ ይሁን። መጥረቢያ አልቀበልም።